ሲልቪ ለባሏ ያዘዘችው ዱላ

ኦንኒ ጠብ አይወድም። ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ኮፍያውን አንሥቶ ውልቅ የሚል ዓይነት ነው፤ ሳያገባ የቀረውም በዚሁ ነው እያሉ ያሙታል። አንድ ነገር ሲያይ ግን አቅሉን ይስታል፤ ጥሩ እንጨት ሲያይ።

ከታላቁ ሐይቅ ዳር፣ በረዶ ግማሽ ዓመት በሚተኛባት የሚሺጋን ከተማችን፣ ከቤቱ ጓሮ ባለች ጋራዥ ውስጥ የፑል ዱላ ይሠራል። ድሮ የከተማው ማዕድን ማውጫ አናጢ ነበር። ማዕድኑ ሲዘጋ ሌሎቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ዲትሮይት ተሰደዱ፤ እሱ እንጨት እያሽከረከረ የሚልጥ አንድ አሮጌ ቶርኖ ገዝቶ ቀረ። አሁን ከቺካጎና ከዚያም ወዲያ ያሉ ተጫዋቾች በስልክ ይለምኑታል። እሱም "ይደርሳል" ይላል እንጂ መቼ እንደሚደርስ አይናገርም። እንጨት አይቸኮልበትማ። ዘንጉን በቶርኖ ትንሽ ላጥ ያደርገውና እንደ ቋንጣ ከጣራው ላይ ይሰቅለዋል። ሊጎብጥ ያሰበ እንጨት እዚያው ተሰቅሎ ይጉበጥ፤ ካልጎበጠ ከጊዜ በኋላ ያወርደውና እንደገና ላጥ ያደርገዋል። እንዲህ እያለ ዘንጉ ቀጥ ብሎ መኖር ልማዱ እስኪሆን ድረስ ይታገሠዋል።

ነገሩ የተጀመረው በአጋዘን አደን ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ወንድ አይገኝም፤ ጠመንጃ ያለውም የሌለውም ጫካ ይገባል። ኦንኒ ደም ማየት ስለማይችል ቀርቶ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ሲልቪ ፒካፗን ወደ ኋላ እየነዳች መጥታ ጋራዡ በር ላይ አቆመች።

ሲልቪ የኡርሆ ሚስት ናት። ኡርሆ ደግሞ የኦንኒ አብሮ አደግ ነው፤ የማዕድን ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከኦንኒ ምድጃ አጠገብ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሄልሚ ከምትባለው ሴትዮ ፑል ቤት የማይጠፋ ሰው። ከሄልሚ ቤት የሚወጣው ሄልሚ መብራት ስታጠፋ ነው።

"ለባሌ ዱላ እፈልጋለሁ" አለች ሲልቪ ከመኪናው እየወረደች።

"የሚጫወትበት ነው የሚመታበት?"

"እሱን ሲያልቅ እናየዋለን።"

ወደ መኪናው ኋላ ዞራ ሸራውን ገለጠችው። ከሸራው ሥር የአልጋ ራስጌ ተጋድሟል። ኦንኒ ቀረብ ብሎ አየው። ሜፕል የሚባለው እንጨት ነው፤ ያውም እኛ የወፍ ዓይን የምንለው። ወፎች እንጨቱ ውስጥ ተደብቀው አጮልቀው የሚያዩ ነው የሚመስለው፤ ከላይ እስከ ታች ዓይን ብቻ። ጓንቱን አውልቆ ዳሰሰው።

"ይሄ የአያትሽ የእጅ ሥራ አይደለም?"

"የአያቴ ነው። ስንጋባ ነው የሰጠን።"

"አልጋ እኮ ነው፣ ሲልቪ።"

"አልጋ ሰው ሲተኛበት ነው አልጋ። የኔው ሰውዬ በጨለማ ገብቶ ይወድቅበታል፣ በጨለማ ተነሥቶ አንተ ጋ ይመጣል። ባሌ አልጋው ጋ ካልመጣ፣ አልጋው ባሌ ያለበት ይሂዳ። በመጋቢት ከተጋባን አርባ ዓመታችን ነው፤ ስጦታው ይሁንለት።"

"ራስጌ በሌለው አልጋ ላይ ተኝቶ ሳያውቅ ሊቀር ነው?"

"ካወቀ እሰየው። አንተ ግን አፍህን ትዘጋለህ። ራሱ አይቶ 'አልጋው የት ገባ?' ካለ፣ ያን ጊዜ ንገረው። ከዚያ በፊት ግን ትንፍሽ እንዳትል።"

ኦንኒ እንቢ ማለት ነበረበት። ሊልም አፉን ከፍቶ ነበር፤ እጁ ግን እንጨቱ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሳይወለድ የተቆረጠ፣ መጉበጥ የፈለገውን ያህል ጎብጦ የጨረሰ፣ ከእንግዲህ ንቅንቅ የማይል እንጨት።

"አስገቢው" አለ።

ኡርሆ ከአደን ባዶ እጁን ተመለሰ። በማግሥቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ጋራዡ ገብቶ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠና ቡናውን ቀዳ። ኦንኒ ከአሁን አሁን ይናገራል ብሎ ጠበቀ።

"እንዴት አደርክ?" አለው በመጨረሻ።

"እንደ ድንጋይ ተኝቼ። የገዛ አልጋን የመሰለ ነገር የለም" አለ ኡርሆ።

ቀናት ሄዱ፣ ሳምንታት ተከተሉ። ኦንኒ ራስጌውን በመጋዝ ሰንጥቆ፣ ከጥቁር እንጨት ጋር ጥርስ ለጥርስ አጋጥሞ በኮላ አጣብቆ፣ እጀታውን በቶርኖ ማውጣት ጀመረ። ቶርኖው በዞረ ቁጥር የወፎቹ ዓይን እየጠራ መጣ። ኡርሆ ቡናውን ይዞ ከጀርባው ቆመ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የአንዲት ሴት ትእዛዝ ነው። ለባሏ።"

ኡርሆ አፏጨ። "እንዲህ ያለች ሚስትም አለች? የኔዋ ለገና የሰጠችኝ ካልሲ ነው።"

ኦንኒ የኡርሆን እግር አየት አደረገ። "ጥሩ ካልሲ ነው።"

"ካልሲ ነው እኮ የምልህ፣ ኦንኒ።"

ችግሩ የመጣው የዱላው የላይኛው ዘንግ ላይ ሲደረስ ነው። የወፍ ዓይን ለእጀታ እንጂ ለዚያ ለቀጭኑ ዘንግ አይሆንም፤ እዚያ ላይ እንደ ተበጠረ ፀጉር መስመሩን ሳይስት የሚወርድ እንጨት ነው የሚፈለገው። ኦንኒ ጣራው ላይ የተሰቀለ ብዙ ነበረው። ሁሉም ደህና ናቸው። ግን ያ አልጋ በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም ጋድሞች ነበሩት፤ ኦንኒ አንድ ጊዜ ኡርሆ ታሞ ሊጠይቀው ቤታቸው ሲሄድ አይቷቸዋል። እንዲህ ያለው ነገር ከአእምሮው አይጠፋም። ብዙ ታገለ። በመጨረሻ ስልኩን አንሥቶ ሲልቪ ጋ ደወለ።

"ጋድሞቹ ከተነሡ አልጋው መሬት ይወርዳል" አለች ሲልቪ ከሰማችው በኋላ።

"አውቃለሁ። ይቅር፤ ሌላ እንጨት አላጣም።"

ሳቋ በስልኩ ተሰማው። "ማን ይቅር አለህ? ከምሳ በኋላ ይዤ እመጣለሁ።"

በማግሥቱ ኡርሆ ወገቡን ይዞ ገባ። ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ኦንኒ፣ እኔ እያበቃልኝ ነው።"

"ምነው?"

"ዛሬ ከአልጋ ስነሣ ከጉድጓድ የምወጣ ነው የመሰለኝ። እግሬን መሬት ላይ አሳርፋለሁ ስል ጉልበቴ አገጬን ገጨኝ። ሰው በአንድ ሌሊት እንዲህ ያረጃል?"

ኦንኒ ፊቱን ወደ ቶርኖው አዞረ፤ ትከሻው እንዳይንቀጠቀጥ ጥርሱን ነክሶ ያዘ። "ሐኪም ይየው" አለ።

ሐኪሙም አየው። ጉልበቱን በመዶሻ ነካ ነካ አድርጎ፣ ለዕድሜው የተለመደ ነው ብሎ ቅባት ሰጠው። ያን ሰሞን ጋራዡ ካምፎር ካምፎር ሸተተ፤ ኡርሆም ጉልበቱን እያሸ ዱላውን ሲመለከት ይውላል። ኦንኒ አንድ ቀን፣ "የሴትየዋ ባል ቁመቱ ካንተ ብዙም አይለይ፤ እስኪ ያዘውና ንገረኝ" አለው። ኡርሆ ቅባቱን በሱሪው ጠርጎ ያዘው። ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ክንዱን ወደፊት ወደ ኋላ አወዛወዘ።

"ወደ ኋላ ይከብዳል። ትንሽ ወደፊት አምጣለት" አለ።

ኦንኒ እንዳለው አደረገ።

"እጀታው ወፍሯል። ለሰውየው ብዬ ነው እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ።"

ኦንኒ እጀታውንም አቀጠነለት። እንዲህ እንዲህ እያለ ዱላው ኡርሆ እጅ ላይ ሲያርፍ ከእጁ የበቀለ መሰለ፤ ኡርሆም ለቶርኖ ሥራ ሲመልሰው ሕፃን የሚያስረክብ ይመስል ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ሲልቪ ትኩስ ፓስቲ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች፤ ያንን የማዕድን ሠራተኞች ሥጋና ድንች የተሞላ ቂጣ። ኦንኒ እየገመጠ ሳለ አጠገቡ ቆማ ክንዷን አጣጠፈች።

"ትናንት ቀስቅሶኝ ስለ አንዲት ሴት አወራኝ።"

ኦንኒ ማላመጡን አቆመ።

"አስተዋይ ናት አለ። ባሏን ልቡን ታውቀዋለች አለ። እንዲህ ያለች ሴት ያገባ ሰው ከቤቱ ምን ያስወጣዋል አለ። አርባ ዓመት ሙሉ ስለኔ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። ቀናሁ፣ ኦንኒ።"

"በማን?"

"በራሴ ነዋ።"

"ታዲያ ልንገረው?"

"ወለል ላይ ተኝቶ እኮ ነው ይሄን ሁሉ የሚያወራኝ፤ ከወለል ላይ። ትንሽ ይቆይ።"

እየሳቀች ነበር። ሳቋ ግን ከአፏ አልፎ ዓይኗ ጋ አልደረሰም፤ ኦንኒ ይሄን አየ፤ ፓስቲውንም አስቀመጠው። ቀልድ መስሎት የገባበት ነገር ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው። እንዳይናገር ቃል ገብቷል፤ እንዳይመልስ አልጋው ተተልትሏል።

ክረምቱ ሊጋመስ ሲል ኡርሆ አንድ ጠዋት ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ዱላው ከእጀታው ፈትል፣ ከጫፉ ቆዳና ከቨርኒሹ በቀር አልቋል።

"ምስጢር ልነግርህ ነው" አለ ኡርሆ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እንዲህ ያለ እንጨት እኔም አለኝ።"

መሮው ከኦንኒ እጅ አምልጦ ወደቀ። "የት?"

"ቤቴ ነዋ። አልጋችን። የሲልቪ አያት የሠሩት የወፍ ዓይን ነው፤ እስከ ዛሬ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ራስጌው ብቻውን ለስንት ዱላ ይበቃል። ነገ ሲልቪ ከመዘምራኑ ጋር ልምምድ አላት፤ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትውለው። ፈትቼ አመጣልሃለሁ፤ በቦታው አንድ ሳንቃ እመታበታለሁ።"

"ሲልቪ አታይም?"

"ኧረ ተወኝ ባክህ። ሰው አልጋውን መቼ ያየዋል? ይተኛበታል እንጂ።"

ኦንኒ ብዙ ሊል ፈልጎ ነበር። ቢናገር ሲልቪን መክዳት ነው፤ ዝም ቢል ኡርሆን። ሲጨንቀው፣ "በቀን ነው የምትፈታው?" አለው።

"በቀን ነዋ።"

"ጥሩ። ለማንኛውም መብራቱንም አብራ።"

በማግሥቱ ኦንኒ ሥራ አልሠራም። መስኮቱን እያየ ሲጠብቅ ኡርሆ በበረዶው መካከል መጣ፤ ካፖርቱ አልተቆለፈም፣ ብሎን መፍቻው እጁ ላይ ነው። ገብቶ በሩን እንኳ አልዘጋም።

"ተሰረቅን" አለ።

"ምኑ?"

"አልጋው። ራስጌው የለም፣ ጋድሙ የለም። ፍራሽ ብቻ ነው ያለው፣ ወለል ላይ።"

"ትናንት ማታ የት ተኛህ?"

"አልጋዬ ላይ።" ኡርሆ ይህን ብሎ ብሎን መፍቻውን አየው። "ማለቴ፣ ፍራሹ ላይ።" እጁ ቀስ ብሎ ወደ ጉልበቱ ወረደ። "ሐኪሙ ለዕድሜህ ነው ያለኝ..."

አጠገቡ ያገኘውን ነገር ይዞ ተደገፈ።

"የት ገባ፣ ኦንኒ? መቼ እንደሄደም አላውቅም። ትናንት ይሁን፣ ካቻምና ይሁን አላውቅም። እሷ ግን ታውቃለች። አልጋውን የምታነጥፈው እሷ ናት። አውቃ ነው ዝም ያለችኝ።" ድምፁ ቀጠነ። "እየተወችኝ ነው። በአንዴ ብትሄድ ልብ እንደማልል ታውቃለች፤ እንጨት በእንጨት ነው የምትሄደው።"

አብረው አድገዋል፤ ኦንኒ ግን ኡርሆን እንዲህ ሆኖ አይቶት አያውቅም። ባቡሩ ሐዲድ የሳተ ጊዜ እንኳ እየቀለደ ነበር የወጣው። ሲልቪ ያለችው ሁኔታ ደግሞ ተፈጽሟል፤ ራሱ አይቷል፣ ራሱ ጠይቋል።

"ኡርሆ፣ የተደገፍከው እኮ አልጋህን ነው" አለው።

ኡርሆ እጁን አየ። የያዘው ዱላውን ነበር። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው፤ የወፎቹ ዓይኖችም መልሰው አዩት። በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ነካካቸው።

"ያቺ ሴት..." አለ።

"አዎ።"

"ባሏም..."

"አዎ።"

"ካልሲ ብዬ ነበር እኮ።"

"ብለሃል።"

ዱላውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው፤ ኮፍያውን ረስቶ ወጣ።

ያን ቀን ኡርሆ ሄልሚ ቤት አልሄደም። በማግሥቱም አልታየም። በሦስተኛው ቀን ሄልሚ ራሷ ኦንኒ ጋ ደወለች።

"ኡርሆ ሞተ እንዴ? ሞቶ ከሆነ ወንበሩን ለሌላ ሰው ልስጥ።"

"አልሞተም" አለ ኦንኒ፤ እሱም እርግጠኛ አልነበረም። ሄዶ እንዳይጠይቅ ጠብ ላይ መድረስን ፈራ። ጠብ እንደሌለ ሲያስብ ደግሞ ዝምታውን የባሰ ፈራው። ኡርሆ የማይቀመጥበት ወንበር ምድጃው አጠገብ ባዶውን ሲውል ጋራዡ ቀዘቀዘው።

ከሳምንት በኋላ የመጣችው ሲልቪ ናት። በሩን በርግዳ ገባችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

"ያን ዱላ ቶሎ ጨርሰው።"

"ምነው፣ ተጣላችሁ?"

"ምን እንጣላለን? ቤት ተቀመጠ እንጂ። ተጸጽቻለሁ ይላል። ካሁን በኋላ ንቅንቅ አልልም ይላል። ከጥድ ሳንቃ አልጋ ሠራ፤ አንዳችን ስንገላበጥ ማዕበል እንደመታው መርከብ ይጮኻል። ድስቶቼን በቁመት ደርድሮ እኔ የራሴን መጥበሻ ማግኘት አቃተኝ። ስቆም ይቆማል፣ ስቀመጥ 'ደከመሽ እንዴ?' ይላል። ትናንት ደግሞ ሰሃን እንዴት እንደሚታጠብ አስረዳኝ፣ ኦንኒ። ለኔ።"

"ቤት እንዲውል አይደለም እንዴ የፈለግሽው?"

"የፈለግሁት እንዲያየኝ ነው እንጂ እንዲጠብቀኝ ነው እንዴ?"

ኦንኒ በሕይወቱ ቸኩሎ የሠራው ዱላ ያ ብቻ ነው። ቸኮለ ቢባልም ሌላው ሰው ቀስ ከሚለው ያህል ነው። እጀታው ላይ የተልባ እግር ፈትል ጥቅጥቅ አድርጎ ጠመጠመ፤ የጫፉን ቆዳ ለጥፎ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፤ ቨርኒሹን ቀብቶ አደረቀ፣ ደግሞ ቀባ። ሲያልቅ ሲልቪን ጠራት። ዱላውን በሁለት እጇ ተቀብላ እንደ አራስ ልጅ ወደ ጉንጯ አስጠጋችው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኡርሆን ክንዱን ይዛ ከቤት አወጣችው። ኦንኒ ተከትሏቸዋል፤ ሥራውን ሲመታ መስማት ስለፈለገ። ሄልሚ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ኡርሆ ቆመ።

"አልገባም። ቃል ገብቻለሁ" አለ።

"ለማን ነው የገባኸው?"

"ለራሴ።"

"እኔ ቃል አልገባሁም" ብላ ሲልቪ ጥላው ገባች። ምን ያድርግ፣ ተከተላት።

ቤቱ ውስጥ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። ሰዉ ጠረጴዛውን ለቀቀላቸው። ኡርሆ ዱላውን ተቀበለ፣ ጎንበስ አለ፣ ዓለመ። ነጯ ኳስ የፈለገችበት ሄደች። ደገመ፣ ሳተ። ሠለሰ፣ የባሰ ሳተ። ላቡን ጠረገና ቀና አለ።

"አልቻልኩም። የአማቶቼን አልጋ ይዤ ኳስ መምታት ነውር ነውር ይለኛል።"

"አርባ ዓመት የተተውኩት ለዚህ ነው?" አለች ሲልቪ፤ ቤቱም በሳቅ ፈረሰ። "አምጣው እስኪ።"

ዱላውን ከእጁ ወሰደችው። ኦንኒ እንዴት እንደሚያዝ አሳያት። የመጀመሪያዋ ምት ነጯን ከጠረጴዛ አዝልላ ምድጃ ሥር አስገባቻት፤ ሄልሚ በመጥረጊያ አወጣችላት። ሁለተኛው ምት ሁለት ጠርዝ ነክቶ፣ ማንም ያላሰባትን ቢጫ ኳስ ጥግ ካለው ቀዳዳ ከተታት።

"ይሄ ይቆጠራል?" አለች ሲልቪ።

"እሷን እኮ አላሰብሻትም" አለ አንዱ።

"ገባች አልገባችም?"

"ገብታለች" አለች ሄልሚ ከባንኮኒው ጀርባ፤ የሄልሚ ቃል በዚያ ቤት ሕግ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሲልቪን ከጠረጴዛው የሚነቅላት ጠፋ። ትስታለች፣ ትደግማለች፣ የሚመክራትን ሁሉ ዝም ታሰኛለች። ኡርሆ ተራውን እየጠበቀ ከኦንኒ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ኦንኒ ጆሮውን ሰጥቷል። ዱላው ኳስ ሲነካ የሚሰጠው ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ ከጫፍ እስከ እጀታ አንድ ሆኖ ነው የሚናገረው፤ ይህን የመሰለ ሁለተኛ እንደማይሠራ ያውቃል፤ አላዘነም።

ኡርሆ ግን የሚያየው ዱላውን አልነበረም። ሲልቪ ከጠረጴዛው መብራት ሥር ጎንበስ ብላለች፤ አንገቷ ላይ ብርሃን ወድቋል።

"ኦንኒ፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች እንዴ?"

"ከጥቅምት ጀምሮ።"

"አይተህ ነበር?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"እሱንም እኔ ልንገርህ?"

ኡርሆ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ተነሣና ጠረጴዛውን ዞሮ ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አላት። ምን እንዳላት ኦንኒ አልሰማም፤ ሌላ ሰውም አልሰማም።

"ከመብራቱ ዞር በል፤ ጥላህ ኳሷ ላይ ወድቋል" አለች ሲልቪ ቀና ሳትል። ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር፤ ቀጥሎ የመታቻትን ኳስ ሳተቻት፤ መሳቷም የገባት አይመስልም።